ወይዘሮ ተናኘወርቅና የዘይት ማጣሪያው

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሐረር ውስጥ ጠጅ መጣል ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። አባታቸው ከሸዋ መጥተው ከጀጎል ግንብ ውጭ የሰፈሩ ወታደር ነበሩ፤ ልጅየዋ ግን ከጠመንጃ ይልቅ ጋን መረጡ። በ1926 ዓ.ም. ያጠራቀሙትን አውጥተው በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ሲገዙ ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ አለ። «ሴትዮዋ ለየላቸው!» ያለም አልጠፋ። እሳቸው ምን ገዷቸው! መኪናዋን ደጃቸው አስቁመው እየዞሩ ይስቁ ነበር።

ሾፌራቸው እንደሻው ቡናና ጫት ወደ ድሬዳዋ ያወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመለሳል። አንድ ቀን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር። እንደ ምንም እያዘገመ ሐረር ገባ።

«ምን ሆነች?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«የዘይት ማጣሪያው ተቀዶ ነው፣ እሜቴ። ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ ሲዞር ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይይዛል። ማጣሪያው ካላስቀረው ብረቱ እርስ በርሱ ይበላላል። ባለፈው ርካሹን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንደ ጠጅ አንቡላውን ማስቀረት ነው በለኛ!»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«እንግዲያስ የዛሬውን የምመርጠው እኔ ነኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እንደሻውም ከሞተሩ የቀዳውን አሮጌ ዘይትና ማጣሪያው የሚገባበትን ቤት ይዞ ተከተላቸው።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ኢስሓቅ የሚባል የጀጎል ተወላጅ ነበር። ሦስት ማጣሪያ ደረደረላቸው። እንደሻው ወፍራሙን አነሣ። «ይኼ ምንም አያሳልፍም፣ እሜቴ» አለ።

«ምንም ካላሳለፈማ ዘይቱስ በየት ሊያልፍ ነው? እስቲ ከመኪናዋ የቀዳኸውን አሮጌ ዘይት አምጣው!»

ኢስሓቅ ደነገጠ። «ሱብሓነላህ! እሜቴ፣ ሱቄን በዘይት ሊያጥቡት ነው?»

«አይስጉ፣ ደጅ ነው የማፈሰው» አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

መንገደኛው ከበባቸው። በስሱ ማጣሪያ ሲያፈሱ ዘይቱ እንደገባ ጥቁር ሆኖ ወጣ። በወፍራሙ ሲያፈሱ ደግሞ ጠብ ለማለት ዘመን ፈጀ። «በዚህ ከሆነ ሞተሩ በጥም ይሞታል» አሉ። ሦስተኛው ጨርቁ ተደራርቦ የታጠፈ ነበር፤ ዘይቱ ሳይቋረጥ ወረደ። በሁለት ጣታቸው አሽተው ቢያዩት አይሻክርም።

«ይኼ ነው!» አለ ኢስሓቅ ደስ ብሎት።

«ይቆዩ!» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። እንደሻው ከሞተሩ ፈትቶ ባመጣው የማጣሪያ ቤት ውስጥ አስገብተው በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ተነቃነቀ። «አፉ ካልገጠመ ቆሻሻው በጎን ያልፋል። ጨርቁ ቢያምር ምን ዋጋ አለው?»

ኢስሓቅ እያጉረመረመ ጓዳ ገባ፤ ሣጥን ሲያገላብጥ ቆየና በዚያው ዓይነት የተሠራ፣ ልኩ ግን የሚገጥም አንድ ይዞ ብቅ አለ። ገጠመ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩራት ተነሡ።

«ሲቆሽሽ በፈላ ውኃ አጥበዋለሁ፤ ዓመት ያገለግለናል» አሉ።

«እሱስ አይሆንም፣ እሜቴ» አለ እንደሻው ቀስ ብሎ። «ሲታጠብ ጨርቁ ይላላል፤ ውኃ ውስጡ ከቀረ ደግሞ ሞተሩን ይጎዳል። ጊዜው ሲደርስ አዲስ ነው የሚገባ።»

ፊታቸው ተቀየረ። ሠላሳ ዓመት የጠጅ ማጥለያ ጨርቅ ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይኼን መስማት አልወደዱም። ግን ልጁ ጥፋቱን ሳይደብቅ ስለነገራቸው ይሆናል፣ አመኑት። «ይሁን፤ ሞተሩን አንተ ታውቃለህ» አሉ።

እንደሻው አዲሱን ማጣሪያ ገጠመ፤ ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ለወጠ። በማግሥቱ እሳቸውም አብረው ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ሙቀቱን ጠሉት፤ ባቡሩን ግን ቆመው አይተው አልጠገቡም። ሲመለሱ መኪናዋ ጨው ጭና ደንገጎን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቆም ወጣችው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከፊት ተቀምጠው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ለግመል ነጂዎቹ ሁሉ እጃቸውን እያወዛወዙ «እንዴት ዋላችሁ!» ይሉ ነበር። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ የሰማቸው የለም።