ገጽ ሃያ ሰባት ላይ ያለችው ነጥብ

በየሐሙሱ ከቤተ መጻሕፍቱ የማውሳቸውን መጻሕፍት በመኪና ጭኜ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ ካለችው መንደራቸው ስደርስ፣ ቀድመው የሚጠብቁኝ ወይዘሮ ኢኒድ ናቸው። የሚወስዱት የጥንት የእንግሊዝ መሳፍንትን የፍቅር ልብ ወለድ ብቻ ነው። ያነበቡትን ደግመው እንዳይወስዱ ገጽ ሃያ ሰባት ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ቢሆንም አልጨቀጭቃቸውም።

«ኩሩው መስፍን መጨረሻ ላይ ‹ተሳስቻለሁ› ይላል» አሉኝ አንድ ቀን። «ይህ ቃል ከሟቹ ባሌ አፍ በአርባ ዓመት ወጥቶ አያውቅም።»

ጎረቤታቸው አቶ ዊልፍ፣ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የጦርነት መጽሐፍ አንጠልጥለው ሁሌ ይተርቧቸዋል። «ምነው ኢኒድ፣ መስፍንሽ ዛሬም በፈረስ አልመጣም?»

ባለፈው ሐሙስ ወይዘሮ ኢኒድ አንዱን መጽሐፍ ሲገልጡ ከነጥባቸው ጎን የቀይ እርሳስ ጭረት አገኙ። ሌላም ገለጡ፤ እዚያም አለ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መጻሕፍቱን በስውር ማን እንደሚዋሳቸው እንዳልናገር አደራ ስለተባልኩ ግን መደርደሬን ቀጠልኩ። ወይዘሮ ኢኒድ ቀና ሲሉ ቀዩ እርሳስ አጠገባቸው በቆሙት በአቶ ዊልፍ ጆሮ ላይ ተሰክቶ አዩ።

አቶ ዊልፍ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ተሳስቻለሁ፣ ኢኒድ።»

«መስፍኑ እኮ ተንበርክኮ ነው የሚለው።»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለህ ትለዋለህ» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ። «ከሰዓት ሻይ አፈላለሁ።»