ትርንጎ ያላየቻት ጨረቃ

አዋሽ ጣቢያ ትርንጎን የማያውቅ ካለ መንገደኛ ነው። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሷ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቴሌ ቢሮ ስልክ ስታገናኝ ስለኖረች ጆሮዋ የሩቁን ሳል ከቅርቡ ይለያል።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ማክሰኞ ማክሰኞ ሱሩር ይመጣ ጀመር። የባለ ሻይ ቤቱ የከድሩ ልጅ ነው፤ ለመንግሥት የጥጥ እርሻ የኮምፒውተር ትእዛዝ ይጽፋል። ማሽኑ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ የጻፈውን ምልክት በሙሉ በስልክ ይጠራል። መስመሩ ስለሚንኮሻኮሽ እሱና ባልደረባው ለየምልክቱ እንደ መልኩ ስም አውጥተውለታል፦ «መሰላል! ኮከብ! ጨረቃ ክፈት! ጨረቃ ዝጋ!» አንዷ ከተዘለለች ማሽኑ ሁሉንም ይተፋዋል። መስመሩ ሲደክም ትርንጎ ከአፉ እየተቀበለች ታስተላልፍለታለች። ወረቀቱን ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

አንድ ማክሰኞ ካድሬው ደስታው በር ላይ ቆሞ ሰማ። ገብቶ ወረቀቱን ከሱሩር እጅ መነተፈው።

«ኮከብና ጨረቃ? የየትኛው አገር ባንዲራ ነው? ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?»

«ጓድ፣ የምልክት ስም ነው፤ የማሽን…»

«ዝም በል!»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር የተወሰደ ሰው አልተመለሰም። ሱሩር አመድ መሰለ። ደስታው ወደ ትርንጎ ዞረ።

«አንቺስ? የምታስተላልፊውን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቅም» ብትል እሷ በሰላም ወደ ልጆቿ ትገባለች፤ ሱሩር ግን ይወሰዳል። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፣ እግዜር ይይላት!

«አውቀዋለሁ» አለች።

«እንግዲያው የምልክት ስም ከሆነ መልኩን ሳዪው!» ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ እርሳስ ወረወረላት። «አንዷን ብትስቺ ሁለታችሁም ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ።»

ወይ ጣጣ! መሰላሉስ ይሁን፤ ሁለት ቋሚ፣ ሁለት አግዳሚ። ኮከቡም የተጠላለፈ ጭረት ነው። ጨረቃዋ ላይ እርሳሷ ቆመ። ስትከፈት ወዴት ነው የምትዞረው? ወደ ሱሩር ቀና አላለችም፤ ቢጠቃቀሱ አለቀላቸው። ዓይኗን ጨፍና የማክሰኞ ማክሰኞውን ድምፁን አስታወሰች። ከዚያ ሳለች።

ደስታው አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ሥዕሉን አየ። ደግሞ አየ። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ።

ሱሩር መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እትዬ ትርንጎ፣ ወረቀቱን አይተውት አያውቁም እኮ! ጨረቃ ያልናት ቅንፍ ወዴት እንደምትዞር ማን ነገረዎት?»

«አንተ ነሃ! ‹ክፈት› ስትል ለሚቀጥለው ትቸኩላለህ፤ ‹ዝጋ› ስትል ታርፋለህ። እቅፏን ወደሚመጣው ትከፍታለች ብዬ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ የአዲስ አበባው ሰው «ሃሎ! ሃሎ!» ይላል። ትርንጎ ልታነሳው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«አንተ አንሳው ልጄ» አለች። «እኔ ዛሬ አልችልም።»