ጥርሷን ያስነቀለች ትራክተር

የናፍጣ ሽታ ሽው ባለኝ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ ልቤ መተማ ዮሐንስ ወዳለው ጓሯችን ይሮጣል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ቆም ብዬ እስበዋለሁ።

አባቴ የትራክተር ሹፌር ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የሰው መሬት ሊያርስ አብደራፊ ይሄድና ሰሊጥ ታጭዶ እስኪያልቅ አይመለስም ነበር፤ እኔም ነጎድጓድ ሲያስደነግጠኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሸሚዙ ሥር እወሸቅ ነበር።

አንድ በጋ ግን ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት፣ አሮጌ የእጅ ትራክተር፣ ከኋላ እየተከተሉ የሚነዷትን ትንሽ ማሽን፣ ይዞ መጣና «ጓሮውን ከቆፈረችልኝ ሽንኩርትና ባሚያ እየተከልሁ እዚሁ እከርማለሁ፤ እንቢ ካለች ያው አብደራፊ ነው» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኗ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ።

የመተማ ዋልካ አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ልቆፍርህ ሲሉት ግን ድንጋይ ነው። አባቴ ማሽኗን አስነሥቶ ሲለቃት አፈሩን ጫር ጫር አድርጋ እንደ ፍየል ትዘል ጀመር፣ እሱም እጀታዋን ይዞ አብሯት ይዘል ነበር። ጎረቤቶቻችን አጥር ተደግፈው ሲስቁ እኔ አለቀስሁ። አባቴ «መቆፈሪያ ጥርስ አንሷት ነው» ብሎ ከወዳቂ መኪና የባሌስትራ ብረት እያስቆረጠ ተጨማሪ ጥርሶች አስበየደላት፤ እሷ ግን ጭራሽ ላይ ላዩን መንሳፈፍ ሆነ ሥራዋ። ግንቦት ሲጋመስ አባቴ ሻንጣውን አወረደ።

ያኔ እናቴ፣ የደገኛ ገበሬ ልጅ ናትና፣ አላስችል አላት።

«እንዴ፣ የእናኑ አባት! የአባቴ ሞፈር ስንት ማረሻ ነበረው? አንድ አይደል? ይህን ሁሉ ጥርስ ባንዴ ንከሽበት ስትላት አቅሙን ከየት ታምጣው?»

«የበሬና የሞተር ነገር አንድ ነው እንዴ!» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የብሎን መፍቻ ይዞ ተመለሰና አንዱን እየተወ አንዱን ጥርስ ይፈታ ጀመር። አመሻሽ ላይ በጀሪካን ውኃ እያመላለስን መሬቱን አራስነው፤ ጧት እናቴ እንዳትዘል ክብደት ይሁናት ብላ አሸዋ የሞላ ጆንያ ከጥርሶቹ በላይ አሰረችባት።

«በል እንግዲህ አትቸኩል። መጀመሪያ ላይ ላዩን እረስ፣ ስትደግም ጠለቅ አድርግ» አለችው።

ሲደግም ሞተሩ አጓራ፣ ጥርሶቹ አፈር ውስጥ ገብተው ጠፉ፣ ጥቁሩ ጓልም እየተገለበጠ ወጣ። እናቴ እልል አለች። አባቴ ላቡን በክንዱ ጠረገና ወደ እኔ ዞሮ «እናኑ፣ ያን ሻንጣ ወደ ቦታው መልሽው» አለኝ። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ያን ክረምት ባሚያው ከቁመቴ በለጠ፣ አባቴም ማታ ማታ የእግሩን ጭቃ ደጃፍ ላይ እየጠረገ ሲገባ ሮጬ እጠመጠምበት ነበር።

ዛሬ የራሴ ልጆች አባታቸው ከሥራ ሲመለስ ከስልካቸው ቀና እንኳ አይሉም፤ እንደሚመጣ ያውቃሉና። እንዲህ ሳይጠራጠሩ በማደጋቸው ደስ ይለኛል። እኔ ግን እስካሁን በሩ ሲንኳኳ ተቀምጬ መቆየት አልቻልሁበትም።