የምንያህል ቅጠልና የሥጋ ቤቱ ቀይ አምፖል

ምንያህልን አሶሳ ውስጥ የማያውቀው ሥጋ የማይበላ ሰው ብቻ ነው። ከጎጃም መጥቶ ሥጋ ቤት ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። የሸጠው ሁሉ ጮማ ነበር ብሎ የሚምል የለም፤ መብራቱ ግን ሁልጊዜም ጮማ ነው። ከመስቀያው በላይ ባንጠለጠለው ቀይ አምፖል ሥር የትናንቱ ሽንጥ ዛሬ ጠዋት የታረደ ይመስላል። “ነጭ መብራት ሐሜተኛ ነው፣ ገበና ያወጣል” ይላል።

ሚስቱ ባለፈው ክረምት ከሞተች ወዲህ ልጁ ሎዛ “ባምባሲ እኛ ጋ ኑር” እያለች ትጨቀጭቀዋለች። እሱ ደግሞ አማች ቤት ተጧሪ ከመባል እዚያው ሥጋ መክተፊያው ግንዲላ ሥር ቢቀበር ይመርጣል። “ራሴን መጠበቅ አያቅተኝም” አላት። ሎዛም የአባቷ ልጅ ናትና ክርክሩን ትታ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንድ አኳሪየም ተሸክማ መጣች፤ ጥቂት ዓሦች፣ ከሥር አሸዋው ላይ የተተከለ ለምለም ቅጠል።

“ይኸን እስከ ፋሲካ እንዳማረበት ካቆየኸው ሁለተኛ ባምባሲን አላነሳብህም። ከሞተብህ ግን ትመጣለህ። ቅጠሉ መብራት ይፈልጋል፤ እሱን አንተ ምረጥለት።”

ምንያህል የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደምትሸጠው ጎረቤቱ ሀምዲያ ሄደ።

“ጋሼ፣ ይሄ ነጭ ውሰድ። ቅጠል ፀሐይ ይወዳል፣ ይሄ ፀሐይ ይመስላል” አለችው።

“ፀሐይማ አሶሳ መች ጠፋ? እኔ የሚያሳምር ነው የምፈልገው።”

“ወላሂ፣ አንተ ቅጠል ልትሸጥ ነው?”

ባዶ እጁን ተመለሰ። ጾሙ ገብቶ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፤ ቀይ አምፖሉም ከጌታው ጋር ሥራ ፈትቷል። አውርዶ አኳሪየሙ ላይ ሰቀለው። በሩ ዝግ ነው፣ ክፍሉም መስኮት የለው፤ ሌላ ብርሃን አይገባም።

መጀመሪያ ላይ ዓሦቹ ደም መሰሉ፣ ቅጠሉ ጠቆረ። “ይለምዳል” አለ። እውነትም ሰንበት ሲል ቅጠሉ ይፈካ፣ ይደምቅ ጀመር። ምንያህል ኮራ። ምሳውን እዚያው እያቀረበ፣ አንድ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ሳህኑን ገፋ እያደረገ ከዓሦቹ ጋር ያወራል። “አንቺ ሆዳም፣ እንዳትሞቺብኝ። ከሞትሽ ባምባሲ መወሰዴ ነው።”

ሎዛ የፋሲካ ዋዜማ ዕለት በቀትር መጣች። ምንያህል እየተጎማለለ ወደ አኳሪየሙ መራት።

“ካመጣሽው አይበልጥም?”

እሷ መልስ ሳትሰጥ መብራት እንደ ልማዱ ድርግም አለ። ሎዛ የስልኳን ባትሪ አብርታ ወደ ውኃው አዞረችው። ቅጠሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቢጫ ሆኗል፤ ግንዱም በስብሷል። በቀይ ብርሃን አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ቢጫው ይፈካል፤ የምንያህል ቅጠል በሞተ ቁጥር ሲያምርበት ነበር የከረመው። ሎዛ ሳቋ አመለጣት።

“ለእኔም የትናንት ሥጋ ልትሸጥልኝ ነው?”

“ዓሦቹ አሉ እኮ። ግማሹን አሸንፌአለሁ።”

እየሳቀች ስልኩን ወደ ፊቱ ቀና አደረገችው። ሳቋ እዚያው ቀረ። ጉንጩ ገብቷል፣ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቷል።

“መቼ ነው እንዲህ ያለቅኸው?”

“ጾም ነው።”

“ስንቱን ጾም አብሬህ ጾሜአለሁ፣ አባዬ።”

ምንያህል የሰፋበትን ኮሌታ ሰብሰብ አደረገ።

“ብቻዬን ስሆን አልዋጥ አለኝ” አለ። “እናትሽ ከሄደች ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።”

ሎዛ ዓይኗን ጠረገች። በዓሉን እዚሁ ውለው በማግስቱ እንደሚሄዱ ልትነግረው ስትል ጃኬቱን እያነሳ ቀደማት።

“የዛሬው የባምባሲ መኪና ሄዷል?”