ለልጄ የወጣው ስም

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሳም ማንበብ አልቻለችም። በቃል ሲጠይቋት የሚቀድማት የለም፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ላብ ያጠምቃታል። አስተማሪዋ «ሰነፍ ናት» አለች። ልጆቹ «ደነዝ» አሏት። አጋሮ ያሉት አማቴ «የሰው ዓይን ነው፤ ቁርአን ይቀራባት» አሉ። ተቀራባት። እኔ ግን መቀመጥም መቆምም አቃተኝ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከትምህርት ቤት እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ ስታስነብባትና ስታጫውታት ቆይታ ልጅቷን ውጪ አስቀመጠችና እኔንና አባቷን ጠራችን።

«ዲስሌክሲያ ይባላል። አእምሮዋ ደህና ነው፤ ፊደሉን ከድምፁ ማገናኘት ነው የሚከብዳት። በሌላ መንገድ ከተማረች ታነባለች» አለችን።

እኔ እፎይ አልኩ። ባሌ ግን ጊንጆ ሰፈር ቤታችን እስክንደርስ ባጃጅ ውስጥ ልጅቷን ከደረቱ አልለቀቃትም። እንደገባን «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ።

«ለአስተማሪዋስ?»

«ለማንም! እዚሁ ከተማችን መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሰው አፍ አውቃለሁ። ነገ ለትዳር ስትፈለግ ‹ጭንቅላቷን የታመመችው› ይሏታል።»

«አሁንስ ደነዝ እያሏት አይደል?»

«ደነዝ ይረሳል። የሐኪም ቃል አይረሳም፣ ወላሂ።»

ልክ ቢሆንስ? ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እየሄድኩ ሳልገባ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚሁ ነገር ስንጨቃጨቅ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት።

«የኔ ነገር ስም አለው እንዴ?» አለች።

«አለው» አልኳት።

«ስም ካለው ሌላም ልጅ ላይ አለ ማለት ነዋ! እኔ ብቻ አይደለሁማ!»

አባቷ ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጣት። «ብዙ ልጆች አሉ፣ ልጄ» አላት።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት አብሮኝ ትምህርት ቤት መጣ። ለአስተማሪዋ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። አስተማሪዋ ደንግጣ ሰማችን። ከዚያ ወዲህ የፈተናውን ጥያቄ ታነብላታለች፤ ልጄም በቃሏ ትመልሳለች። ማንበቡም ቀስ በቀስ እየመጣላት ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት የክፍሏ ልጅ የሐኪሟን ቃል ቆርጣ «ዲስ» ብላ ጠራቻት። ባሌ ይህን አልሰማም። ልንገረው ወይስ ልተወው እያልኩ ይኸው ቤቱን እዞራለሁ።