ከበራችን እስከ ጋሽ ተክሌ በር

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት በሬን ብከፍት፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ልጅ ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ብላ የኮብልስቶኑን መሀል በቀይ ቀለም ታሰምራለች። ከክፍለ ከተማው የመጣች መሐንዲስ ናት። ሁለት ወንዶች ሜትር ይዘው ይከተሏታል፤ እሷ ታዛለች፣ እነሱ ይጎትታሉ። መጀመሪያ ደስ አለችኝ። ኋላ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ማዘር፣ ነገ ቁፋሮ እንጀምራለን። የድሮው የፍሳሽ መስመር ጠቦ ስለሆነ በሰፊው እንቀይረዋለን። ለጥቂት ቀን መውጣት መግባት ትንሽ ያስቸግርዎታል» አለችኝ።

«ጥቂት ቀን ስትዪ?»

«ቢበዛ ሳምንት ነው። አያስቡ።»

በሩን ይዤ ቀረሁ። ልጅቷ መኪና ማስገቢያ አጣሁ ብዬ የተናደድኩ መስሏት «አይዞዎት!» ብላ ሳቀች። መኪናም የለኝ። ምን ታድርግ፣ ያኔ ገና አልተወለደችም።

ያኔ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ ጎፋ ሰፈራችን ኮረኮንች ነበር። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ፣ ሌላ ወቅት አናውቅም። ምድሩ ጥቁር አፈር ስለሆነ ዝናብ ከነካው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ከጭቃው የባሰው ግን ሽታው ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የላይኛው ሰፈር መጸዳጃ ጉድጓድ ይሞላና ቁልቁል ወደ እኛ ይወርዳል። እናቴ ምሳ ከማቅረቧ በፊት መስኮቱን ሁሉ ትዘጋለች፣ ሽታው በበሩ ስንጥቅ ይገባል። የእሷን ምስር ወጥ ያመሰገነ እንጂ ያማ ሰው አላውቅም፤ በነሐሴ ግን አፍንጫችንን ይዘን ነው የምንጎርሰው። እንግዳ ሲመጣማ አበስኩ ገበርኩ ነው፣ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠን ደስታችን።

አባቴ ወልዴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በራችን ፊት ለፊት ደግሞ የልብ ጓደኛው ጋሽ ተክሌ ይኖራል፤ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ አስም ያለበት። የሰፈሩ ሰው ሁለቱን ኮሚቴ አድርጎ መረጣቸው፤ ቱቦ ይቀበርልን፣ መንገዳችን ይስተካከልልን ብለው ቀበሌውን እንዲለምኑ። መለመን አይባልም እንጂ አሰለቿቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለቱ አብረው ሲመጡ ካየ በጓሮ ይወጣል ይባል ነበር። አባቴ ይጮሃል፣ ጋሽ ተክሌ ያስረዳል፤ አንዱ ሲደክመው አንዱ ይቀበላል። እንዲህ እያሉ ዓመታት ፈጁ።

መሀል ላይ አባቴን ደም ብዛት ጣለው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ። ከዘራ ይዞ፣ ግድግዳ ተደግፎ እስከ ውጭ በር ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ጋሽ ተክሌ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ዳማ ይጫወታሉ። ይጫወታሉ ስላችሁ ይሰዳደባሉ ማለቴ ነው። እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ የምፈልግበት ጊዜ ነበርና እሱ ሲመጣ ነው ነፃ የምወጣው። አባቴን ለእሱ ትቼ ፒያሳም ሆነ መርካቶ ደርሼ እመጣለሁ።

በግንቦት አንድ ቀን እስካቫተር መጣ። የሰፈሩ ሴት በእልልታ አቀለጠው። አባቴን ወንበር ላይ ደጃፍ አስቀመጥነው፤ ጋሽ ተክሌ አጠገቡ ቆሞ እጁን እያፋተገ «አየህ ወልዴ? አየህ?» ይላል። እስካቫተሩ የመንገዱን መሀል ከላይ እስከ ታች ተረተረውና ሄደ። ረጅም ሰው ቢገባበት አናቱ አይታይም፣ ጎረምሳ ካልሆነ ዘሎ አይሻገረውም። ጋሽ ተክሌን ልጆች በሁለት አጣና ላይ ደግፈው ወደ ቤቱ አሻገሩት። መሀል ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጥቶ ፊቱ ሰማያዊ ሆነ፣ ልጁ ሰናይት ከማዶ ቆማ እሪ አለች። ከዚያ ወዲህ አጣና ላይ አልወጣም።

ቱቦው ግን አልመጣም። የመንገድ ሰዎቹ «ቱቦው ይቀበርና ነው የምንደለድለው» አሉ። የቱቦ ሰዎቹ «ቁፋሮው ልክ አይደለም፣ ይስተካከል» አሉ። ቀበሌው «እነሱ ይስማሙ» አለ። እነሱ ሳይስማሙ ክረምቱ ገባ።

ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። በየቀኑ አፋፉ ይናዳል፣ ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ውስጡ ሻይ የመሰለ ውሃ ይሞላል። በበራችንና በአፋፉ መሀል ለአንድ ወንበር የምትበቃ መሬት ቀረችልን። ጤነኛው ጫማውን አውልቆ በአጣናው ላይ እየተንቀጠቀጠ ያልፋል። አባቴ ግን እዚያችው መሬት ላይ ጃንጥላ ይዞ ይቀመጣል፣ ጋሽ ተክሌም ከማዶ በሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱ እየተያዩ ይውላሉ።

«ተክሌ! እንዴት አደርክ?» ይጮሃል አባቴ።

«ከጉድጓዱ በቀር ሁሉ ሰላም ነው! አንተስ?»

«እኔማ ባሕር ማዶ ዘመድ አለኝ፣ ምን እሆናለሁ!»

ዳማውን እንኳ አልተዉትም። አባቴ ጋ አንድ ሰሌዳ፣ ጋሽ ተክሌ ጋ አንድ ሰሌዳ፤ እየጮሁ ይነጋገራሉ፣ እኔና ሰናይት ጠጠሩን እናንቀሳቅሳለን። ሁለቱ ሰሌዳ አንድም ቀን ተመሳስሎ አያውቅም፣ ሁለቱም አሸነፍኩ ብለው ይገባሉ። ሰናይት በቆሎ እሸት ጠብሳ ትኩሱን በጋዜጣ ጠቅልላ ትወረውርልኛለች፤ አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ውሃው ውስጥ ጭልጥ ይላል። ያን ጊዜ አራታችንም በአንድ ድምፅ እንራገማለን።

ሲነገር ያስቃል። እኔ ግን ያን ክረምት ታፍኜ ልሞት ነበር። አባቴን የሚይዝልኝ የለም፣ እናቴ ጉልት ትውላለች፣ እኔ ከበሩ እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ በሩ ነኝ። ሥራ ተገኘልሽ ብባልስ እንዴት ልሄድ? ልጅነቴ እዚያች ጭቃ ውስጥ ሊቀር ነው እያልኩ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። ብጮህ ማን ይሰማል፣ ሁሉም እየጮኸ ነው የሚውለው።

የሰፈሩ ወጣቶች «ጋሽ ወልዴ፣ ተሸክመን እናሻግርህ» ቢሉት አባቴ እሺ አላለም።

«ከዚህ በር በሰው ሸክም የምወጣው አንድ ቀን ነው» አላቸው። «ደግሞ ሊቀመንበሩ ድልድይ አሠራልሃለሁ ብሎኛል። ቃል የገባው ለእኔ ነው።»

ሊቀመንበሩ በርግጥ ብሏል። ደጃፋችን ቆሞ፣ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ነው ያለው። አባቴም የዋህ ነውና አመነው። እኔ ቀበሌ ተመላለስኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው እባላለሁ፤ አንድ ቀን ደጅ ጠብቄ ያዝኩት።

«እህቴ» አለኝ ሳይቆም፣ «ድልድዩን ብንሠራው ቱቦው ሲመጣ መፍረሱ ነው። ለሚፈርስ ነገር በጀት አንይዝም።»

«ቱቦው መቼ ነው የሚመጣው ታዲያ?»

«እሱ እኛን አይመለከትም።»

ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ?

ፍልሰታ ላይ አንድ ቀን የጋሽ ተክሌ ወንበር ሳይወጣ ዋለ። አባቴ ቢጣራ መልስ የለም። ሰናይት ብቅ ብላ «ትንፋሽ አጥሮታል፣ ተኝቷል!» አለች። በማግስቱም አልወጣ፣ በሌላውም ቀን አልወጣ። አባቴ እዚያችው መሬት ላይ ዝናብ እየደበደበው ይቀመጣል። ግባ ብለው በአይኑ ብቻ ይገላምጠኛል። ማዶ ያለው በር ተዘግቷል። እንጀራ ይዤ ብወጣ አይነካም፤ ጠላ ባቀርብለት ያስቀምጠዋል። አባቴ እንዲያ ዝም ያለበት ቀን አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

ከዚያ ሰናይት ራሷ በአጣናው ተሻግራ መጣች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና። አባቴ እግር ስር ተንበረከከች።

«ጋሽዬ፣ ማታ በሸክም ሐኪም ቤት ወስደነው፣ የሚደረግለት የለም፣ ቤት ይዋል ብለው መለሱት» አለች። «አባዬ ይጠራሃል። ወልዴን ሳላየው አልሄድም ይላል።»

አባቴ ከዘራውን ጨበጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አስቱ፣ ሩጪ፣ ሊቀመንበሩን ጥሪልኝ። ድልድዩን ዛሬ ይሥራልኝ በይው» አለኝ። ሮጥኩ። እሱ የመንገድ ልማት ስብሰባ ላይ ነበር። ዘበኛው በር ላይ ከለከለኝ፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ምንም አልሆነልኝም። ተመልሼ መጣሁና እውነቱን በሙሉ ነገርኩት፤ ለሚፈርስ ነገር በጀት የለም ያለውንም ጭምር።

የአባቴን ፊት እንዲያ ወድቆ አላየሁትም ነበር፣ ደም ብዛት የጣለው ቀን እንኳ። ከማዶ ያለውን በር አየ፣ ጉድጓዱን አየ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና፣

«የእድሩን ቃሬዛ አምጡልኝ» አለ።

እናቴ ደርሳ ነበር። «በስመ አብ! ወልዴ፣ አብደሃል? በቁምህ?»

«በቁሜ ማን አሻግሮኝ? ተኝቼ ነው እንጂ።»

ቃሬዛ እኮ እድሩ ሬሳ የሚያወጣበት ነው። ሕፃን ሲነካው እንኳ ይቆጡታል፣ በሕይወት ያለ ሰው ሊተኛበት! በወንበር ሞከርን፤ አፋፉ ከእግራችን ስር ተናደና አባቴም ወንበሩም ሊገቡ ለትንሽ ተረፉ። ረጅም፣ ብዙ ሰው የሚይዘው ነገር በሰፈሩ ያ ቃሬዛ ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ ግን አሻፈረኝ አለ። ለቁም ሰው አውጥተን አናውቅም፣ ገድ የለውም፣ ደንባችን አይደለም አለ።

«እድርተኛ ነኝ አይደለሁም?» አለው አባቴ። «ስሞት ብትሰጡኝ ምን አየዋለሁ? የማየው ዛሬ ነው። ዛሬ ስጡኝ!»

ዳኛው የመጋዘኑን ቁልፍ አወጣ።

አባቴን ጋቢ አልብሰን፣ ካፊያ ስለነበር ፊቱንም ሸፈን አድርገን፣ በመቀነት አሰርነው። ወጣቶቹ እስከ ደረታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ተሰለፉ። ቃሬዛው በራሳቸው ላይ እጅ በእጅ ሲሻገር ከላይኛው ሰፈር ከጠበል የሚመለሱ ሴቶች አዩት። ማን ነው ብሎ መጠየቅ የለ! ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው «ወየው ጋሽ ወልዴ! ወየው አባታችን!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። የእነሱን ጩኸት የሰማ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። በዚያ መሀል አባቴ ጋቢውን በጥርሱ ገፎ ቀና አለ።

«አልሞትኩም! ዝም በሉ! ተክሌን ታስደነግጡታላችሁ!»

አንዷ ሴትዮ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ወጣቶቹ ሳቅ አፍኗቸው ቃሬዛውን ሊጥሉት ነበር፤ እኔ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም።

ጋሽ ተክሌ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። ቃሬዛው በበሩ ሲገባ፣ በላዩም አባቴን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«አንተ ወልዴ!» አለ። «ቀደምከኝ እንዴ?»

«ምን እቀድማለሁ» አለው አባቴ፣ «ቀበሌው ድልድይ ሠራልኝ፣ በእሱ መጣሁ።»

ጋሽ ተክሌ ሳቀ። ያ ሳቅ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነ፣ ሰናይት «በሞቴ አባዬ፣ ተው!» እያለች ጀርባውን ታሻለች። አባቴን አጠገቡ አስቀመጥነው። ደህናውን እጁን ሰጠው፣ ጋሽ ተክሌ ያዘው። ከዚያ እኛን ረሱን። አባቴ እዚያው ሰነበተ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ጋሽ ተክሌ እጁን እንደያዘው ሞተ። ቃሬዛው ከገባ ወዲህ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበርና ጋሽ ተክሌ በዚያው ወጣ።

ድልድዩ የተሠራው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ በአጣናው መሻገር አቅቶት አፋፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በማግስቱ አናጢዎች ላከ። አባቴ ከዘራውን ይዞ፣ እኔን ተደግፎ፣ በዚያ ድልድይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከመስቀል በኋላ ቱቦው መጥቶ ተቀበረ፣ ሐቁን ልናገር፣ ጠቀመን፤ ምሳችንን መስኮት ከፍተን በላን። አባቴ ግን ከዚያ ወዲህ ወንበሩን ወደ ጓሮ አዞረው። ማዶ ያለውን በር ማየት አልፈልግም አለ።

እንግዲህ ያቺ መሐንዲስ «አይዞዎት» ስትለኝ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ሰውን ከሰው የሚለየው ጉድጓድ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ቆሜ ሳስበው ግን፣ መንገዱ ይኸው ስንት ዓመት ደህና ነው፤ እናትና አባቴም አልፈዋል፣ እኔን በቤቴ ያሰረኝ ሰውም የለም። ሰናይትን ካየኋት ግን ፋሲካ አልፎ ገና ሊመጣ ነው። ተጣልተን አይደለም። እሷ ሥራዋ፣ እኔ ጉዳዬ፤ እዚያው ማዶ ነው ያለችው፤ መዝጊያዋ ትልቅ ብረት ሆነ፣ መኪናዋ ይገባል፣ ይዘጋል። የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ነው።

ልጅቷን «ዛሬ አትቆፍሩም አይደል?» አልኳት።

«ነገ ነው ማዘር።»

ቀዩን መስመር ተሻግሬ የሰናይትን በር ደወልኩ። ውሻዋ ጮኸ። ቆይታ፣ ፀጉሯን ሳታስር፣ በቤት ልብስ እየሮጠች ወጣች። ፊቷ አመድ ሆኗል።

«አስቱ! ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም» አልኳት። «ማንም ሳይሞት ልምጣ ብዬ ነው።»