ዶሮ ቤት አንኳኩቶ መግባት

ራይሊን ፒኬት የዶሮ ቤት በር ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም። በጣቷ አንጓ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጋ ትመታለች፤ ትንሽ ትቆያለች፤ "እኔ ነኝ" ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው በሩን ገፋ የምታደርገው። ውስጥ ያሉት ብዙ ሺህ ዶሮዎች ናቸው፤ "ግቢ" የሚላት የለም። እሷ ግን ትጠብቃለች።

ያራንጉል ትንሽ ከተማ ስለሆነች ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ቅዳሜ መጠጥ ቤት ስትገባ ወንዶቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ "አንኳኪ እንጂ ራይሊን፣ ብንደነግጥስ!" ይሏታል።

"ብትደነግጡ ምን ይጎድላል? ዶሮ እንኳ የምትጮኸው እንቁላል ከጣለች በኋላ ነው። እናንተ ምንም ሳትጥሉ ነው የምትጮኹት" ብላ ቢራዋን ይዛ ትቀመጣለች።

እኔ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ የሜርቭ ሂስኮክ እንቁላል እርሻ ሥራ ስገባ እሷ እዚያ ነበረች። እሷ ዶሮዎቹ ጋ፣ እኔ ማሸጊያው ክፍል፤ ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ሰንጠቅ ያለውን እንቁላል ወደ ቤት መውሰድ ስለሚፈቀድልን ሁለታችንም ኬክ ጋጋሪዎች ሆነን ቀረን። የዶሮው ሽታም ከልብሳችን አልለቅ ብሎ ቀረ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ዞር ብሎ ሳያይ "ሰላም ጆይ፣ ሰላም ራይሊን" የሚለን ሻጭ ነበር።

ማንኳኳቱን የጀመረችው እንደተቀጠረች ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ ዶሮዎቹ የሚኖሩት በሽቦ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ሳጥን በሳጥን ላይ፣ ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ። በአንዱ ሳጥን አራት አምስት ይታጎራሉ። ወለሉ ሽቦ ነው፤ እንቁላሉ ተንከባሎ ወደ ፊት እንዲወጣ ዘቅዘቅ ያለ። አንዲት ዶሮ ክንፏን ልዘርጋ ብትል ጎረቤቷን ነው የምትመታው። ጥፍራቸው መሬት ስለማይጭር ይረዝምና ሽቦው ላይ ይጠመጠማል። አንድ ቀን ራይሊን በነፋስ ስትገባ በሩ ከእጇ አምልጦ ጓ አለ። ዶሮዎቹ ባንድ ላይ ተነሡ። መነሻ ቦታ ግን የለም። ክንፍ በሽቦ ተያዘ፣ እግር ተሰበረ። የሞቱትን ለቅማ ያወጣችው እሷ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ታንኳኳለች።

ሬዲዮም አስገባችላቸው፤ ድምፅ እንዲለምዱ ብላ። በበጋ የክሪኬት ጨዋታ፣ በክረምት እግር ኳስ። "የኛ ቡድን ሲሸነፍ እንቁላሉ ይቀንሳል" ትላለች። ሜርቭ "እንግዲያው እርሻው ድሮ ነበር የሚከስረው" ይላታል።

ሳጥኑን አትወደውም ነበር። ሻይ ስንጠጣ፣ ቴርሞሷን እግሮቿ መሃል አቁማ፣ "አንዲት ዶሮ ክንፏን ሙሉ ዘርግታ ስታራግፍ ሳላይ ልሞት ነው" ትላለች።

"ታዲያ ለምን አትለቂም?" አልኳት አንድ ቀን።

"እኔ ብለቅ ማን ያንኳኳል?"

አንድ ጊዜ ከከተማ የመጡ ወጣቶች በሩ ላይ ተሰልፈው "ጨካኞች! ነፍሰ ገዳዮች!" እያሉ ጮኹብን። ድምፅ ማጉያ ይዘዋል። ሜርቭ ፖሊስ ልጥራ ሲል ራይሊን በቱታዋ ወጣችና አንዷን ልጅ "የኔ ቆንጆ፣ የምትይው እውነትሽን ነው፣ እኔም አልጠላሁትም፤ ግን ዝቅ አድርገሽ በይው፤ ዶሮዎቹ እየደነገጡ ነው" አለቻት። ልጅቷ ድምፅ ማጉያዋን አወረደች። በኋላ ሁሉም ጥላ ሥር ተቀምጠው የራይሊንን ኬክ እንብላ አንብላ ሲከራከሩ ነበር፤ እንቁላል አለበት። አንዱ በላ።

ሜርቭ ክፉ ሰው አይደለም። ሳጥኖቹን በገዛ እጁ የሠራ ሰው ነው፣ ብየዳው ሳይቀር። "ሳጥን ዶሮን ከዶሮ ነው የሚያድናት" ይላል። "ፍቺያቸውና እዪ። ባንድ ቀን ተጨራርሰው ያድራሉ።"

ሜርቭ ሲያረጅ ሥራውን ልጁ ብሬት ያዘው። በዚያው ሰሞን የከተማው ትልቅ ሱቅ ከሽቦ ሳጥን የወጣ እንቁላል ከእንግዲህ አልገዛም አለ። ብሬትም አንዱን ቤት ባዶ አድርጎ ሳጥኖቹን ነቃቀለ፤ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ አፈሰሰ፤ የእንጨት ቆጥ አቆመ። አዲስ ቄቦች መጡና ተለቀቁበት። ሜርቭ ግን እርሻው ገና በስሙ ነው። የተነቀሉትን ሳጥኖች አላስጣለም፤ ከትራክተሩ ቤት ጀርባ ደርድሮ ሸራ አለበሳቸው።

"አንድ ቀን ተከምረው ታፍነው ባገኛቸው፣ በማግሥቱ ሳጥኑን እመልሳለሁ" አለ ሁላችንም ባለንበት።

ራይሊን ያንን ቤት እንደ አራስ ቤት ጠበቀችው። ጠዋት አንኳኩታ ትገባለች፣ በሰማያዊ ቱታዋ መሃላቸው እየዞረች ታወራቸዋለች። የመጀመሪያዋ ዶሮ ቆጥ ላይ ወጥታ ክንፏን ሙሉ ስትዘረጋ እኔን ልትጠራ ማሸጊያው ክፍል ድረስ ሮጣ መጣች፤ በዚያ በሚያማት ወገቧ። ስንደርስ ዶሮዋ ወርዳለች። "አሁን እዚህ ነበረች!" አለችኝ እያለከለከች። ሌላዋ እስክትዘረጋ ቆመን ጠበቅን። ዘረጋች። ራይሊን አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና "ሥራሽ የለም እንዴ አንቺ?" አለችኝ።

ከዚያ የሱቁ ሰዎች ሊጎበኙ መጡ።

ብሬት ለእያንዳንዳችን ብርቱካናማ አንጸባራቂ ሰደርያ አደለን፤ ለደኅንነት ነው፣ እንግዳ ሲኖር ግድ ነው አለ። ራይሊን ወደ ቤቷ ወስዳ ተኮሰችው። ፀጉሯንም ተሠራች። ሰማያዊ ቱታዋን፣ "ዛሬስ ነውር ነው፣ ጉልበቱ ተቀዷል" ብላ ምስማሩ ላይ ተወችው። በሰደርያው አምራ ነበር፤ ነግሬያታለሁም። እንግዶቹ መስኮቱ ጋ ተሰለፉ። እሷ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳች፣ ቆየች፣ "እኔ ነኝ" አለች፣ ገባች።

መጀመሪያ ዝም አሉ። የቤቱ ዶሮ ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያለ ድምፅ ሆነ፤ ሁሉም ከእሷ ሸሽተው ወደ ሩቁ ማዕዘን ሮጡ። የፊተኞቹ ግድግዳው ጋ ደርሰው ቆሙ፣ የኋለኞቹ ላያቸው ላይ ወጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ በእነሱ ላይ። "እኔ ነኝ! እኔ'ኮ ነኝ!" እያለች ወደ እነሱ ስትሄድ ክምሩ ከፍ አለ። ከዚያ ቆመች። ወደ ደረቷ አየች። ዶሮዎቹ የሚያውቁት ሰማያዊውን ነው፤ ይህን የሚንቦገቦግ ነገር መች አይተውት ያውቃሉ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሰደርያውንም ከሥሩ የነበረውን የክት ሸሚዝም አወለቀች። በነጭ የውስጥ ልብሷ ሆና በጉልበቷ ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከች፤ እየዳኸች ክምሩ ጋ ደረሰች፤ ከላይ ከላይ እያነሣች፣ በየብብቷ አንድ አንድ እየያዘች ከኋላዋ ታስቀምጥ ጀመር። ሁሉ ጊዜ ሬዲዮው እንደሚለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የክሪኬት ውጤት ትነግራቸው ነበር። የማን ከማን እንደሆነ እንጃ። እኔም በሌላው በር ገብቼ በጉልበቴ ሆኜ አብሬያት አነሣሁ።

መስኮቱ ጋ ከቆሙት አንዷ ሴት፣ "ይሄ... ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚደረገው?" ስትል ብሬት፣ "ኧረ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው" ሲላት ሰማሁት። ምን ይበል?

ከሥር የነበሩት ሞተዋል። ገና ሞቃት ናቸው። ደጅ ሲሚንቶው ላይ አስተኛናቸው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብሬት፣ "ለአባዬ ጥቂት ናቸው እንበለው። ካወቀ ሳጥኑን ይመልሳል፣ ታውቂያለሽ" አላት።

"አውቃለሁ" አለች። ሰማያዊ ቱታዋን ለበሰችና ወደ ሜርቭ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

ሜርቭ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሳትቀመጥ ነገረችው፤ ምንም አላስቀረችም።

"ሳጥን ውስጥ ቢሆኑ በሕይወት ይኖሩ ነበር" አላት።

"አዎ። ይኖሩ ነበር።"

"እና?"

"እና ምንም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላምር ብዬ ነው። የነሱ ጥፋት አይደለም። እኔን አባረኝ ሜርቭ፣ እነሱን ግን አትመልስ።"

ሜርቭ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው። "ነገ ጠዋት መጥቼ አያለሁ" አለ።

በማግሥቱ የማሸጊያው ክፍል ሴቶች ሁላችንም ሥራ ፈትተን ደጅ ቆምን። ሜርቭ ከዘራውን ይዞ መጣ። ራይሊን በሩ ጋ ናት፤ ያንን ጠዋት ፊቷ የታመመ ሰው ፊት ነበር። ሜርቭ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዘራውን አነሣና በሩን ደበደበው።

"ቀስ እንጂ ሜርቭ! ልታፈርሰው ነው እንዴ?"

"ታዲያ እንዴት ነው የሚንኳኳው?"

"በጣትህ ነዋ!"

በጣቱ አንኳኳ። "አሁን ምን ልበል?"

"እኔ ነኝ በል።"

"የማን እኔ? አያውቁኝም እኮ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ሜርቭ ነኝ" አለ ለበሩ። ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም፤ ማለቴ እስኪገባ ድረስ።

ውስጥ ብዙ ቆመ። አንዲት ዶሮ መጥታ የጫማውን ክር ነከሰች። ሌላዋ ሰጋቱራው ውስጥ በጎኗ ተኝታ፣ እግሯን እያንፈራገጠች፣ ክንፏን እየነሰነሰች ትንከባለላለች።

"ይቺ ምን ሆና ነው? አሟታል?" አለ ሜርቭ።

"እየታጠበች ነው" አለችው ራይሊን።

ዕድሜውን ሙሉ በዶሮ የኖረ ሰው ጎንበስ ብሎ አያት። "የእናቴ ዶሮዎች አመድ ላይ እንዲህ ያደርጉ ነበር" አለ ቆይቶ። "ረስቼው።"

ከዚያ ወደ ማዕዘኑ ሄደ፤ በከዘራው ግድግዳውን ነካ ነካ አደረገ። "ጥፋቱ የማዕዘኑም ነው" አለ። "እዚህ ሲደርሱ መሄጃ የለም። ክብ ቢሆን ኖሮ ግድግዳውን ይዘው ዞረው ይመለሱ ነበር።" ወደ ብሬት ዞረ። "ያንን ሸራ ግለጥ። ሽቦ መቁረጫውንም አምጣ።"

ሳጥኖቹን እሱ ራሱ ቆረጣቸው። ሰሞኑን ሙሉ በዚያ እርጅናው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በእጁ የበየደውን በእጁ እየፈታ፣ ሽቦውን እያጎበጠ ለየማዕዘኑ ሰጠን። እኛ አሠርን። ሲያልቅ በዚያ ቤት ማዕዘን የሚባል ነገር አልቀረም፤ ሳጥን የሚባልም አልቀረም። ብርቱካናማ ሰደርያዎቹን ራይሊን አንድ በአንድ ቆጥ ላይ ሰቀለቻቸው፤ ዶሮዎቹ እስኪለምዱት። አሁን አንዱ ላይ ይተኛሉ።

ይህን ተናግሬ ባቆም ጥሩ ነበር፤ ግን እንቁላል እርሻ እንቁላል እርሻ ነው። ዶሮዎቹ መጣል ሲቀንሱ ወደ ቄራ የሚወስዳቸው መኪና መጣ። ለተለቀቁትም ይመጣል። ራይሊን ያንን ቀን ፈቃድ ትወስዳለች ብዬ ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም። ንጋት ላይ ግን በሰማያዊ ቱታዋ በሩ ጋ ቆማ አገኘኋት። የጫኞቹ አለቃ ጓንቱን እያጠለቀ በሩን ሊስብ ሲል እጁን ያዘችው።

"መጀመሪያ ይንኳኳል" አለችው።

"ዛሬ? ዛሬ ምን ያደርግላቸዋል?"

ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

"እሺ፣ ማነው ግቡ የሚለን?" አለ ሰውየው እየሳቀ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ።

"ማንም። ዝም ብለህ ጠብቅ። ሲረጋጉ ይሰማሃል።"

ሰውየው ሳቁን ተወ። ጆሮውን ወደ በሩ ጠጋ አድርጎ ጠበቀ። ጓደኞቹም ጠበቁ።

"እኔ ነኝ" አለች ራይሊን፣ በሩንም ራሷ ከፈተችላቸው። የመጀመሪያዋን ዶሮ በሁለት እጇ አቅፋ ያወጣችውም እሷ ናት።